ቀበቶዬን ማን ፈታው?

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዝናብ። ልብስ ሳሰጣ መጣ፣ ሰብስቤ ሳስገባ አባራ። ጠዋት ከዳቦ ቤት ራዊ ገዛሁ፤ ትኩስ፣ ቅቤው ወረቀቱን አርሶታል። ጨዋማ ቂጣ አይደል፣ አላስችል አለኝ፤ እዚያው መንገድ ላይ ቆሜ አንዱን ጨረስኩ። እህቴ ሮና ብታየኝ "ኢሽቤል፣ ቤት የለሽም እንዴ?" ትለኝ ነበር። ደግነቱ አላየችኝም።

ከሰዓት ከቢሮ ደወሉ። የልጅቷ ድምፅ ማር ነው። "ኩሽናው ናፍቆሻል ኢሽቤል!" ኩሽና ሰው አይናፍቅም፤ የናፈቁኝስ ሰዎቹ ናቸው። በእኔ ቦታ የላኩት አብሳይ የሚሠራውን ሾርባ ማንም አይቀምሰውም አሉ። እሰይ።

ነገሩ ወዲህ ነው... የባሕር ሥልጠናዬ ጊዜ ሊያልፍ ነው። በወሩ መጨረሻ አበርዲን ከተማ ማሠልጠኛው ውስጥ ቦታ ይዘውልኛል። ገልባጩን፣ ያን ውሃ ውስጥ የሚገለብጠንን የመልመጃ ሄሊኮፕተር፣ ካለፍኩ ባሕር ላይ ወዳለው ነዳጅ መድረክ፣ ወደ ምድጃዬ እመለሳለሁ። ካላለፍኩ ሄሊኮፕተር መሳፈር የለም፤ ሄሊኮፕተር ከሌለ ሥራ የለም። ባሕር መሃል አውቶቡስ አይሄድ።

"እሺ" አልኳት። ለምን እሺ አልኩ?

ባለፈው የካቲት ሄሊኮፕተራችን ባሕር ላይ ከወደቀ ወዲህ አንድ ጠዋት እንኳ በሰላም ነቅቼ አላውቅም። ዛሬም ስነቃ ግራ እጄ ግራ ዳሌዬ ላይ ነበር። ይጫናል... ይጫናል... ምንም የሌለበትን ቦታ። ቆዳው በልዟል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ገላዬን ስታጠብ ፊቴን ውሃ ውስጥ ለመክተት ሞከርኩ። ጆሮዬ ድረስ ደረስኩ፣ ከዚያ ብድግ። ወለሉን ሁሉ አጥለቀለቅሁት። በራሴ አፈርኩ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

እንደ ልማዴ ዊልማ ዘንድ። የዶድ ቦት ጫማ አሁንም በሩ ሥር ተገትሯል። ሁሌ ትደናቀፍበታለች፣ ሁሌ ትረግመዋለች፣ አታነሳውም።

"ሞቶም እኮ ጫማውን በየቦታው ይጥልብኛል" አለች።

ዶድ ባሏ ነበር። በመድረኩ ላይ ክሬን ነጂ። የቀኝ እጁን ሌባ ጣት ጫፍ የብረት ገመድ በልቶበት ስለነበር ወንዶቹ "ዘጠኝ ተኩል" ይሉታል። ሲጠሩት አይቀየምም። "ዓሣ ለመጥበስ ይበቃኛል" ይል ነበር። ሄሊኮፕተሩ ሲወድቅ ሁላችንም ወጣን። እሱ ብቻ ቀረ። አጠገቤ ተቀምጦ ነበር።

ዊልማ ሻይ እየቀዳች እንደ ሁልጊዜው ያንኑ አለች። "አልተሰቃየም። ገና ውሃውን ሲመቱ ራሱን ስቷል ብለውኛል። ቀበቶውን እንኳ አልፈታም እኮ። ታስሮ እንደተቀመጠ ነው ያገኙት። ንቁ ቢሆን ይፈታ አልነበር?"

"ይፈታ ነበር" አልኩ። 

"አንቺ አጠገቡ ነበርሽ። ምንም አላለም?"

"አላስታውስም ዊልማ። እውነቴን ነው።"

"ይሁን።" ሻይዋን አማሰለች፤ አማሰለች። ስኳር የሌለው ሻይ ነው የምትጠጣው። ረስታው ነው እንጂ።

አንጀቴን በላችው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

የማስታውሰውን አንድ ጊዜ ልጻፈው። ምናልባት ይተወኝ እንደሆነ።

ወደ ቤት ስንመለስ ነበር። ሁለት ሳምንት ባሕር ላይ ሠርተን፣ ደክሞን። በሙቀቱ ሁሉም ያንቀላፋል። ዶድ በግራዬ፣ መስኮቱ ጋ። ሁሌም ትልቁ መስኮት ጋ ነው የሚያስቀምጡት፤ ትከሻው ሰፊ ነዋ። የሰፊ ትከሻ ሰዎች ትንሹ መስኮት ስለማያሾልካቸው ክንዳቸው ላይ ምልክት ይታሰርላቸዋል። "የቁንጅና ውድድር ሽልማቴ ነው" ይላል። ያን ቀን ደግሞ በቀልድ የያዘው እኔን ነበር።

"ኢሽቤል፣ ትናንት ያበላሽን ድንች ነው ወይስ ከክሬኔ የወደቀ ነገር?"

"ሦስቴ ጨመርክ እኮ።"

"ክሬን ነጂ የወደቀ ነገር የማንሳት ግዴታ አለበት።"

የመጨረሻ ወሬያችን ይህ ነው። ድንች።

ከዚያ የአብራሪው ድምፅ። "ጎንበስ በሉ" አለ። ጮኸ አይባልም። ምቱ። ውሃው። ተገለበጥን፤ የትኛው ላይ የትኛው ታች እንደሆነ ጠፋኝ። ጨለማ። ቅዝቃዜው ጥርስ ውስጥ ይገባል። የአየር ጠርሙሴን አፌ ውስጥ ለመክተት ጊዜ አላገኘሁም። ግራ እጄ ዳሌዬ ላይ ነው። ይጫናል፣ ይፈልጋል፣ የለም! የሄሊኮፕተር ቀበቶ ዘለበቱ ሆድ ላይ ነው፤ ይዞራል እንጂ አይጫንም። አውቃለሁ! ስንት ዓመት ሠልጥኛለሁ! እጄ ግን አልሰማኝም።

ከዚያ... ባዶ። ምንም። ቀጥሎ የማስታውሰው ሰማይ ነው፣ ዝናብ፣ የጎማው ጀልባ፣ አንገቴን ይዞ የሚጎትተኝ ሰው።

መሃሉ ላይ ምን ሆነ? አጣሪዎቹ "ቀበቶሽ በሥርዓቱ ተፈትቷል፤ በደመ ነፍስ ፈትተሽው ነው" አሉኝ። መስኮቱስ? "በምቱ ወልቆ ይሆናል።" ይሆናል! እንዲያ ብለው ዘጉት። እጄ ግን ዳሌዬ ላይ ነበር። እስከ መጨረሻው እዚያው ነበር፤ እምላለሁ።

ታዲያ ማን ፈታው?

እሑድ፣ ጥቅምት 24

ኮቴን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

ከሮና ጋር ገበያ ሄድን። እኔ ነዳሁ፤ እኔ በቀኝ መሪው ጋ፣ ሮና በግራዬ። መኪናውን አቆምኩ፣ ሮና ወረደች። እኔም ልወርድ... ግራ እጄ ሄደ። ግራ ዳሌዬ ላይ። ተጫነ። ቀጭ! ቀበቶው ተፈታ።

እንደ ድንጋይ ደርቄ ቀረሁ።

የመኪናው ቀበቶ ነው! ያን ቀን ስፈልገው የነበረው ይህን ነው። በየቀኑ መኪና ውስጥ ስጫነው የኖርኩትን ቁልፍ። ጭንቅላቴ ሠልጥኗል፣ እጄ ግን ከመኪናው አልወረደም። እዚያ ጨለማ ውስጥ ተገልብጬ የመኪና ቁልፍ ስፈልግ ነበር... ወይኔ ጉዴ!

ሮና መስኮቱን ደበደበች። "ምን ሆንሽ? ጋኔን አየሽ እንዴ?"

"እጄን አየሁት።"

"እጅሽን ቤት ገብተሽ እይው፤ ሱቁ ሊዘጋ ነው!"

ሳቅሁ፤ ከዚያ መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ሮና በሩን ከፍታ ፀጉሬን ዳበሰችኝ። ክፉ አፍ አላት እንጂ ክፉ አይደለችም።

አሁን አንድ ነገር ተረጋገጠ። ባልነበረ ቁልፍ ላይ ተጣብቆ የቀረ እጅ ሆድ ላይ ያለ ዘለበት አያዞርም። እኔ አልፈታሁትም። ሌላ ሰው ነው። ማታ ማታ ፊቱን ለማየት እሞክራለሁ፤ ውሃ ብቻ ነው የሚታየኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28

አበርዲን። የመጀመሪያው ቀን።

አሠልጣኙ ካሉም ይባላል። ድሮ ጠላቂ ነበር፤ በየዓመቱ ሲገለብጠን የኖረ ሰው ነው። ሲያየኝ ክንዴን ጨበጥ አድርጎ ለቀቀኝ። ስላላወራኝ አመሰገንኩት።

ጠዋት ትከሻ ልኬት። አንዱ ደንዳና ሰውዬ ሰፊ ነህ ተብሎ ምልክት ሲታሰርለት ወንዶቹ "ሚስትህ በየትኛው በር ነው የምታስገባህ?" እያሉ ፈጁት። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ዶድ ትዝ አለኝና ሳቄ ተቆረጠ።

ካሉም ያንኑ የምናውቀውን ነገረን። "ሲገለበጥ አትቸኩሉ። መስኮት ጋ ያለው ይግፋው። ክፍቱን ጠርዝ በእጃችሁ ያዙ። ከዚያ ብቻ፣ ከዚያ ብቻ ቀበቶ ይፈታል። ቀድሞ የፈታ ተንሳፍፎ አቅጣጫው ይጠፋበታል።" ከጎን ያለው ደግሞ መስኮት ጋ ያለው እስኪወጣ ይጠብቃል። ሕጉ ይህ ነው። መስኮት ጋ ያለው ቀድሞ ይወጣል።

ይሄን ሲል ጆሮዬ ጮኸብኝ። ዶድ ነበር መስኮት ጋ። ታዲያ እኔ እንዴት በእሱ መስኮት ቀድሜው ወጣሁ?

ገልባጩ ያው ነው። ክንፍ የሌለው የሄሊኮፕተር ሆድ፣ በክሬን ተንጠልጥሎ ገንዳ ውስጥ የሚወርድ። የገንዳው ውሃ ለብ ያለ ነው። ባሕሩ እንዲህ አይደለም። መጀመሪያ ሳንገለበጥ ጠለቅን፤ እንደ ምንም ወጣሁ። ሁለተኛው ላይ ውሃው ጉልበቴ ሲደርስ ጮህኩ። እጄን አነሳሁ፣ አስቆምኳቸው። አሥራ ምናምን ወንድ እያየኝ።

ካሉም ፎጣ አለበሰኝ። "ለዛሬ ይበቃል። ሂጂና ጥሩ እራት ብዪ።"

"ነገም እንዲሁ ብሆንስ?"

"ነገ አብሬሽ እገባለሁ።"

ዓርብ፣ ጥቅምት 29

አስታወስኩ።

አምላኬ... አስታወስኩ። ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ካሉም ራሱ መስኮቱ ጋ ተቀመጠ፣ በግራዬ። እኔ አጠገቡ። ወረድን። ውሃው ደረቴ፣ አንገቴ... ተገለበጥን። መስኮቱን ሲገፋው ተሰማኝ። እኔስ? ግራ እጄ ዳሌዬ ላይ! እንደገና! ይጫናል፣ ይጫናል። ትንፋሼ ሊያልቅ ነው። ካሉም አየኝ መሰለኝ፣ እጄን አፈፍ አድርጎ ወደ ሆዴ ጎተተው።

ያኔ መጣ። ሁሉም በአንዴ።

ሌላ እጅ ነበር። ትልቅ፣ ሻካራ። ያን ቀን፣ በዚያ ቅዝቃዜ። ግራ እጄን ከዳሌዬ ላይ አላቀቀው፤ እየታገልኩት። ሆዴ ላይ አምጥቶ ከእኔ እጅ ጋር ዘለበቱን አዞረው። የጣቶቹ ጫፍ በእጄ ጀርባ ላይ ተጫነ... አንዱ ጣት አጭር ነበር። ጫፍ የለውም። ከዚያ ያንኑ እጄን ወስዶ ባዶው የመስኮት ጠርዝ ላይ አስቀመጠው። ጨብጪው እንደማለት ሁለቴ መታ መታ አደረገው። በጀርባዬ ገፋኝ።

ዶድ። ዘጠኝ ተኩል።

ወጣሁ። ዛሬም በገንዳው ወጣሁ። ወንዶቹ አጨበጨቡ፤ አልሰማኋቸውም። "ድገሚው" አሉኝ፣ ደገምኩት። በመጨረሻው እጄ ሆዴ ላይ ሄደ። አለፍኩ።

ሁሉም ሲሄዱ ካሉምን ያዝኩት። "አንድ ነገር ንገረኝ። መስኮቱን የገፋ፣ ሰው የረዳ ሰው... ቀበቶው ሳይፈታ ሊገኝ ይችላል?"

"እንዴታ። ቀበቶሽን ፈትተሽ መስኮት ብትገፊ የምትሄጂው አንቺው ነሽ፤ መስኮቱ አይንቀሳቀስም። ውሃ ውስጥ ጉልበት ያለው የታሰረ ሰው ነው። ሌላውን ለማውጣትም መታሰር አለብሽ።" ከዚያ ገባው። "ማን ነበር ኢሽቤል?"

"ዶድ።"

ገመዱን መጠቅለል ጀመረ። የተጠቀለለውን ፈትቶ እንደገና ጠቀለለው። "እዚህም ሁሌ የመጨረሻ ወጪ እሱ ነበር" አለ። "መስኮት ጋ ተቀምጦ እንኳ ሰው ያሳልፋል። 'አንተ ቀድመህ ውጣ፣ ሕጉ ነው' ብዬ ተቆጥቼዋለሁ። 'ትከሻዬ መንገድ ይዘጋል፣ እነሱ ይለፉ' አለኝ። ቀልዱን መስሎኝ ነበር።"



ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30

ዊልማ ዘንድ አልሄድኩም። "ጉንፋን ይዞኛል" ብዬ ደወልኩ።

ምን ብዬ ልንገራት? "አልተሰቃየም" የምትለዋ አንዲት ቃል ናት ያቆመቻት። ነቅቶ ነበር ልበላት? እያወቀ ነበር፣ ትንፋሹን ለእኔ ዘለበት ጨረሰው ልበላት? ዝም ብል ደግሞ... ሰውየው ያደረገውን እኔ ብቻ አውቄው ልኖር ነው?

ሮና "ዝም በይ። ምን ይጠቅማታል?" አለች። ከዚያ ሳህን እያጠበች "የእኔ ባል ቢሆን ግን ማወቅ እፈልጋለሁ" አለች። ይቺ ደግሞ መካሪ ሆና ሞታለች!

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ማለፌን ለቢሮ ነገርኳቸው። በአሥራ ሰባት ትበሪያለሽ አሉኝ። ደስ አላለኝም። ዊልማን ሳላያት መብረር አልችልም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ነገርኳት።

በሩን ከፍታ አየችኝ። "ጉንፋን ይዞኛል አልሽ። አፍንጫሽ ደህና ነው።"

"አልያዘኝም ነበር።"

"አውቄያለሁ። ግቢ።"

ዛሬ ቦት ጫማው ላይ የተደናቀፍኩት እኔ ነኝ።

ሻይ ቀዳች። ስኒውን ሳልነካ ሁሉንም ነገርኳት። የመኪናውን ቁልፍ፣ እጄን፣ አጭሩን ጣት፣ ለምን ታስሮ እንደቀረ። "መስኮቱን የከፈተው እሱ ነው ዊልማ። ቀበቶዬንም እሱ ነው የፈታው። ራሱን አልሳተም ነበር።"  "ይቅርታ። አልተሰቃየም ትያለሽና..."

 ከውጭ የባሕር ወፎቹ ይጮኻሉ፤ አፋቸውን በዘጉ!

"እኔ እኮ" አለች፣ "ስምንት ወር ስሰድበው ነው የኖርኩት።"

"ምን?"

"አልተሰቃየም የምለው ለእናንተ ነው። ሰው ሲመጣ። እዚህ ለብቻዬ ስሆን እሰድበዋለሁ። ሳትሞክር፣ ሳትታገል፣ እኔን ሳታስብ እንደ ጆንያ ታስረህ ሄድክ እያልኩ። ጫማውን በእርግጫ እመታዋለሁ።"  "ተኝቶ አልነበረማ!"

"አልነበረም።"

ተነሳች፣ መስኮቱ ጋ ሄደች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆመች። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። "ታዲያ ለእኔ ሲል ትንሽ ቀድሞ አይፈታም ነበር? አንቺን ካወጣ በኋላ... አንድ ጊዜ አዙሮ..."

"ትንፋሽ አልቀረውም ይመስለኛል።"

"አንቺን አውጥቶ እኔን ተወኝ" አለች።

 ደግሞ እውነት ነው። አንገቴን ደፋሁ። ውጪልኝ ብትለኝ እወጣ ነበር። መቼም አትምጪ ብትለኝም አልፈርድባት።

ተመልሳ መጣች። ከፊቴ ተቀመጠች። አላየችኝም፣ ጠረጴዛውን ነው የምታየው።

"የትኛው እጅሽ ነው?"

"ግራ።"

"አምጪው።"

ዘረጋሁላት። በሁለት እጇ ያዘችው። ገለበጠችው፣ መዳፌን አየች፣ ጀርባውን አየች፣ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ግንባሯን እላዩ ላይ አስቀመጠች። እንባዋ ሞቅ ያለ ነበር። እጄን አልጎተትኩም። ክንዴ እስኪደነዝዝ ሰጠኋት።

"ሻዩ ቀዘቀዘ" አለች በመጨረሻ። ሌላ ልትቀዳ ተነሳች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

መድረኩ ላይ ነኝ። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው፤ ሽንኩርት ሸትቻለሁ።

ዊልማ ናት ወደ ሄሊኮፕተሩ ጣቢያ ያደረሰችኝ። መንገዱን ሁሉ ስለ ቤት ጣሪያዋ አወራች። ልወርድ ስል አንድ ወፍራም የሱፍ ሹራብ ጭኔ ላይ ጣለች። "በብርድ ወራት ከባሕር መዳኛ ልብሱ ሥር ሦስት ልብስ መልበስ አለባችሁ አይደል? ሦስተኛው ይሄ ይሁን።"

መግቢያው ላይ ልብስ የሚቆጥረው ሰው አንገትጌዬን ገለጥ አድርጎ "ይሄ ሹራብ ነው ወይስ ድንኳን?" አለ።

"የዶድ ነው።"

አንገትጌዬን በቀስታ መለሰው። "ሦስት" አለ። "እለፊ።"

መስኮት ጋ ተቀመጥኩ፣ በግራ። ፈራሁ? ፈራሁ እንጂ! ከተነሳን ጀምሮ ዓይኔን አልከደንኩም። ማንም አላሾፈብኝም፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን አፋቸው አያርፍም ነበር። ባሕሩ ከታች ግራጫ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ስናልፍ አውቄዋለሁ። ማንም አልነገረኝም፣ ግን አውቄዋለሁ። ሹራቡን ጨበጥኩ።

አረፍን። ወንዶቹ ተነሱ። "ኢሽቤል፣ ርቦናል፣ ውረጂ እንጂ!"

"እናንተ ቅደሙ" አልኳቸው።

አንድ በአንድ ወረዱ። ወንበሮቹ ባዶ ሆኑ። ማንም እስከማይቀር ታስሬ ጠበቅሁ። ከዚያ ግራ እጄ ሳልልከው ሆዴ ላይ ሄደ። አዞርኩት።

ተፈታ።